ባዶ ሻንጣ አይሄድም

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲያፈርስ የኖረ ሰው ነው። ክፉ አትጠርጥሩ፤ ሥራው ዕቃ ማጓጓዝ ነው። ቤት ለሚቀይር ሰው ዕቃውን ይፈታል፣ ያስራል፣ ይጭናል፣ ያወርዳል። ትከሻው ላይ ገመድ ጠፍቶ ስለማያውቅ ሰው ሁሉ «ገመዱ» ይለዋል። በዚህ ከተማ ገመዱ ያላነሳው ቁም ሳጥን፣ ገመዱ ያላሰረው ፍራሽ የለም። እንዲህ ያለ ባል ያላት ሴት ለመንገድ ስትሰናዳ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሞኝ!

መንገዱ የመጣው በልጃችን በሚጡ ምክንያት ነው። ሚጡ ትልቁ ከተማ ሄዳ ማተሚያ ቤት ከገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። መኸር እንደገባ ደወለችና፣ «እማዬ፣ የዛፉ ቅጠል ረግፎ ሳያልቅ ኑና እዩኝ። አንድ ነገር አለኝ፣ በስልክ አይሆንም። ሁለታችሁም ኑ» አለችኝ።

ሁለታችሁም! ልቤ የዘለለው እዚያች ላይ ነው። ምክንያቱም ሚጡና አባቷ አይነጋገሩም።

የሄደች ዕለት አባቷ የፋርማሲውን ባለቤት ቤት ሊያጓጉዝ በጠዋት ወጣ። «ሻንጣዋን ማንም እንዳይነካ፣ እኔ ነኝ የምጭነው፣ ሳትሄድ እደርሳለሁ» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነው የወጣው። ልጄ ደጃፍ ላይ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ መንገድ መንገዱን ስታይ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጣት ሲል ታክሲ የሚነዳው ወንድሜ መጥቶ ወሰዳት። አባት ሆዬ ብቅ ያለው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። «ሥራው ረዘመ» አለና ፊቱን ታጥቦ ተኛ።

ከዚያ ወዲህ ልጅት ስትደውል «ንገሪው» ነው። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ «ንገሪያት» ነው። «ብርድ ገብቷል፣ ሹራብ ይልበስ፣ ንገሪው።» «ለራሷ ትልበስ፣ ንገሪያት።» የሚያናድደው ደግሞ የእኔ ስልክ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ያለችውን አንድ ሳይቀር ሰምቶ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰክቶ፣ «ምን አለች?» ይለኛል። እኔ በመሃላቸው እንደ ስልክ እንጨት ተገትሬ ቀረሁ። ልብስ ተኳሽ ነኝ እንጂ ፖስተኛ አይደለሁም ብዬ ስንቴ ጮኼባቸዋለሁ። ሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። አንድ ዓይነት ግትር ናቸው፤ ማን ከማን እንደወረሰው ደግሞ አልናገርም።

ስለዚህ ይህ ጉዞ ለእኔ ሽርሽር አልነበረም። አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ያለ እኔ አስተርጓሚነት አንድ ቃል ይለዋወጡ እንደሆነ ማየት ነበር የፈለግኩት። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም የሚል ስጋት ገብቶኛል። ኩርፊያ ሲቆይ እንደ ቡና እድፍ ነው፤ በሙቅ ውሃም አይለቅ። ይኼን እኔ ነኝ የማውቀው፣ የላውንደሪ ሠራተኛ ነኝ።

ፈቃድ ማግኘቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። መኸር ሲመጣ ሰው ሁሉ ካፖርቱንና ብርድ ልብሱን ከተወሸቀበት ጎትቶ እኛ ላይ ይከምረዋል። አለቃዬ ፈቃድ ስጠይቃት በእንፋሎቱ ውስጥ እንዳልሰማች ሆና ካውያውን ትገላብጣለች። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻም «እንግዲያው ካፖርቶቹን አንቺ ተኩሻቸው!» ብዬ ወጣሁና ፈቀደችልኝ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። በዚህ ወቅት ጠዋት ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ቀን ላይ ደግሞ ሸሚዝም ይከብዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዳችን አንድ ሹራብ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ደህና ልብስ፣ አለቀ። አንድ ሻንጣ ለሁለታችን በቂ ነው፤ እሱም ግማሹ ባዶ። እኔ ያጠፍኩት ሸሚዝ ከሻንጣ ሲወጣ አሁን ከካውያ ሥር የወጣ ነው የሚመስለው። አጥፌ አጥፌ፣ ደርድሬ ደርድሬ፣ ክዳኑን ከፍቼ በኩራት ቆሜ ሳየው ባሌ ገባ።

«ይኼ ምንድነው?» አለ።

«ሻንጣ ነዋ።»

«ግማሹ ባዶ ነው።»

«ሆን ብዬ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ሐኪም መጥፎ ውጤት ሲያይ እንደሚነቀንቀው። «ባዶ መኪና አይሄድም» አለኝ።

ይኼ የሥራው ሕግ ነው። ሌላ ከተማ ሄዶ ዕቃ እንዲያነሳ ከተጠራ፣ ሲሄድ የሚጭነው ነገር ሳያገኝ መኪናውን አያስነሳም። የማንንም አሮጌ በር፣ የማንንም የተሰበረ ወንበር ለምኖም ቢሆን ይጭናል። ባዶ የሄደ መኪና ባዶ ይመለሳል ብሎ ያምናል። አንድ ጊዜ የሚጭነው ቢያጣ የራሳችንን ሶፋ ጭኖ ሄዶ፣ ጭኖት ተመልሷል። ሶፋው ላይ ሰው ሲቀመጥ እስከ ዛሬ ያቃስታል።

«ይኼ መኪና አይደለም፣ ሻንጣ ነው!» አልኩት።

«ያው ነው» አለኝ።

ማታ ከሥራ ስገባ ሻንጣው እንደበላ ሆድ ተነፍቷል። ከፈትኩት። መዶሻ። ጉጠት። የበር ማጠፊያ። «የምን ማጠፊያ ነው?» ስለው፣ «በሯ ቢወላገድስ?» አለኝ። ከመዶሻው ሥር ሸሚዞቼ አሉ። ክዳኑን በጉልበቱ ተጭኖ ስለዘጋው ሸሚዞቼ ውሻ የተኛባቸው መስለዋል። ደሜ ፈላ። አንድ በአንድ አውጥቼ እንደገና ተኮስኳቸው። ቀን ሙሉ የሰው ልብስ ተኩሼ፣ ማታ ደግሞ የራሴን፣ ያውም ሁለቴ! በማግስቱ ማጠፊያው ተመልሶ ገብቶ አገኘሁት።

ይኼ አልበቃ ብሎ እትዬ መጡ። እትዬ የባሌ ታላቅ እኅት ናቸው። አንድ ትልቅ ትራስ በሁለት እጃቸው ታቅፈው ገቡና፣ «ለልጄ ነው፣ የከተማ ትራስ አንገት ይሰብራል» አሉ።

«እትዬ፣ ትራስ እዚያም ይሸጣል» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ያዥ።» ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ሶፋው አቃሰተ። «ለመሆኑ የምትነግራችሁ ነገር ምን ይመስልሻል?»

«ስትነግረን እናውቀዋለና።»

«በስልክ የማይነገር ነገር ምን አለ? ባል ነዋ! ባል አግኝታለች። ቤትም ይዘዋል፣ እመኑኝ።»

ገመድ ሲጠቀልል የነበረው ባሌ እጁ ቀጥ አለ። እንዳናየው ብሎ መሰለኝ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እትዬ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲናገሩ እሳት ለኩሶ እንደሚሄድ ሰው ናቸው፤ ጫማቸውን አድርገው፣ «ደህና ሁኑ፣ ትራሱን እንዳትረሱ» ብለው ወጡ። እሳቱን ማጥፋት የእኔ ድርሻ ነው።

የመንገዳችን ዋዜማ ሥራዬን ጨራርሼ ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ በሩ አልከፈት አለኝ። ገፋሁት። ከውስጥ አንድ ነገር ገፋኝ። በትከሻዬ በረገድኩትና በጎኔ ሾልኬ ገባሁ። ኮሪደሩ ከወለል እስከ ጣሪያ ካርቶን ነው። ሁሉም ታስሯል፣ ሁሉም በዚያ የእሱ ቋጠሮ ተቋጥሯል፤ ያ ቋጠሮ ካልፈለገ በቢላም አይፈታ። በካርቶኖቹ መሃል ተሽለክልኬ የሚጡን ክፍል አየሁት። ክው አልኩ።

ሙልጭ! አልጋው ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፏል። የጠረጴዛዋ እግሮች ተነቅለው እንደ ማገዶ ተጠፍረዋል። መጋረጃው የለም። የትምህርት ቤት ፎቶዋ ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ሚስማሩ እንኳ ተነቅሏል። ባሌ መሃል ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የአልጋውን ብሎኖች በጨርቅ እየቋጠረ ነው።

«አንተ ሰውዬ! ምን እያደረግክ ነው?»

«ባል ካላት ቤት አላት» አለ ቀና ሳይል። «ቤት ካላት ዕቃዋ ይሂድላት።»

«እትዬ ናቸው እንጂ ባል አላት ያሉት፣ እሷ አላለችም! ደግሞስ ይኼን ሁሉ በምን?»

«አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ይታሰራል። ሹፌሩን አውቀዋለሁ፣ ቁም ሳጥኑን አንስቼለታለሁ።»

«አልጋ ይዘን ልጃችንን ልንጠይቅ? ሰው ምን ይለናል?»

ብሎኖቹን ቋጥሮ ጨረሰና ቋጠሮውን በእጁ መዘነው። «ያን ቀን ያልጫንኩላትን አሁን ልጫንላት» አለ፣ ለእኔ ይሁን ለብሎኖቹ አላወቅኩም።

አንጀቴን በላው። እውነቴን ነው፣ ለአፍታ በላው። ወዲያው ደግሞ ቀና ስል የሚጡ አሮጌ መብራት በእኔ በተተኮሱ ሸሚዞች ተጠቅልሎ አየሁና እንደገና ነደድኩ። መጮህ ጀመርኩ። ስለ ሶፋው፣ ስለ ማጠፊያው፣ ስለ እኅቱ፣ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ሚጡ ናት።

«እማዬ፣ ተዘጋጃችሁ?» አለች።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ንዴቴ ገና ከአፌ አልወረደም። «ምን ተዘጋጃችሁ ትይኛለሽ! አባትሽ ክፍልሽን እስከ ሚስማሩ ነቅሎ ካርቶን ውስጥ ከቶታል! አልጋሽ እንኳ አልቀረ! አንድም ዕቃሽ ከዚህ ቤት ሳይወጣ አይቀርም ብሎ ምሏል!»

ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ፣ «ሃሎ? ሚጡ?» አልኩ።

«የት ልገባ ነው ታዲያ?» አለች።

ድምፅዋ ትንሽ ሆኖ ነው የመጣው፤ ልጅ ሳለች ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ እንደምታወራው። አልገባኝም። «ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«ማተሚያ ቤቱ ተዘግቷል እማዬ። ከተዘጋ ቆየ። ሌላ ሥራ ፈልጌ ፈልጌ ሰለቸኝ፣ ከተማውም ሰለቸኝ። ቤት መግባት ነው የምፈልገው። ስትመጡ ፊት ለፊት ልለምናችሁ ነበር። እናንተ ግን... ለካ ክፍሌን አስለቅቃችሁኛል።»

ዞሬ ባሌን አየሁት። እንደተንበረከከ ነው። ሁሉንም ሰምቷል፣ እንደ ልማዱ። ነገር ግን «ምን አለች?» አላለም። ፊቱ እንደ ኖራ ነጭ ሆኗል።

«እማዬ» አለች ሚጡ።

«ወዬ የእኔ እናት።»

ንገሪው ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ስልኩን ስጪው» አለች።

ሰጠሁት። ስልኩን በሁለት እጁ ነው የተቀበለኝ፣ የሰው ብርጭቆ እንደሚይዘው። ጆሮው ላይ አደረገው። እኔ እዚያ ቆሜ፣ ተናገሩ እንጂ፣ ተናገሩ፣ ልትገድሉኝ ነው እንዴ እላለሁ በሆዴ።

«አልጋዬን ፈታኸው?» አለችው።

«ፈታሁት።»

«ብሎኖቹስ?»

«አሉ። አንድም አልጠፋ።» ቋጠሮውን ብድግ አደረገው። «ሚጡ፣ ላስወጣሽ አልነበረም። ቤት ያለሽ መስሎኝ ነው። ላመጣልሽ ብዬ ነው።»

«ያን ቀን ለምን አልመጣህም?»

ባሌ የጨርቁን ቋጠሮ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «መጥቼ ነበር» አላት።

ምን?

«ሥራው በጊዜ አለቀ። መኪናውን ዳቦ ቤቱ ጥግ አቁሜ አይሽ ነበር። ሻንጣሽ ላይ ቁጭ ብለሻል። ስንት ቤት ጭኛለሁ፣ አንዱም ከብዶኝ አያውቅም። አንቺን ግን መጫን አቃተኝ። አጎትሽ እስኪወስድሽ ድረስ እዚያው ቆየሁ።»

ወይ ፈጣሪዬ! እኔ ይኼን ሁሉ ጊዜ ንገሪው ንገሪያት ስመላለስ፣ ይኼ ሰው ዳቦ ቤቱ ጥግ ነበር! አንቄ ልገድለው አማረኝ። አቅፌ ላለቅስም አማረኝ። የቱን ላስቀድም ስል ልጄ ስታለቅስ ሰማሁ፤ እሱም የሸሚዜን እጅጌ፣ የተተኮሰውን፣ አንስቶ አፍንጫውን ጠረገበት። ይኼንንም ዝም አልኩ።

«እንግዲያው አሁን ና» አለችው ሚጡ። «ና ጫነኝ።»

«እመጣለሁ» አላት። «አልጋሽን ገጥሜ፣ ነገ ጠዋት እነሳለሁ።»

እነሳለሁ! እኔስ? ግን አላረምኩትም። ስልኩን መልሶ ሲሰጠኝ ለማንም የማደርሰው መልእክት አልነበረኝም፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

እስኪመሽ ድረስ ገጠመ። አልጋው ቆመ፣ ጠረጴዛው ቆመ፣ መጋረጃው ተሰቀለ። ሚስማሩን በዚያችው ቀዳዳ መለሰ። እኔ አንሶላዋን ተኩሼ አነጠፍኩ፣ የእትዬን ትራስ ራስጌዋ አደረግኩት። ለካ እሳቸውም አንዳንዴ ይጠቅማሉ።

ጠዋት ሸሚዞቼን ለሦስተኛ ጊዜ ተኩሼ፣ አጣጥፌ፣ ሻንጣ ፍለጋ ሄድኩ። በሩ ጋ ቤት ውስጥ ያለን ሻንጣ በሙሉ ተደርድሯል። አንዱን ከፈትኩ፤ ባዶ። ሌላውን ከፈትኩ፤ ባዶ። ሦስተኛው ውስጥ አንድ ጥቅል ገመድ ብቻ አለ። ሸሚዞቼንና ሹራቤን አስቀመጥኩበት። ባሌ መጥቶ አወጣቸው።

«ቦታ ይይዛሉ» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«የልጅቱ ዕቃ የሚገባበት ነው። ስንመለስ ቦታ ያንሰናል። ልበሻቸው።»

«ባዶ መኪና አይሄድም ስትል አልነበር? ሳምንቱን ሙሉ ያነደድከኝ በዚህ አልነበር?»

«ይኼ የተለየ ጭነት ነው» አለና ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ምን በወጣኝ ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ሸሚዙን በሸሚዝ ላይ፣ በዚያ ላይ ደህናውን ልብስ፣ በዚያ ላይ ሹራቡን፣ በዚያ ላይ ካፖርቱን ደራረብኩት። እጄ ወደ ጎን አልወርድ አለኝ።

ወንድሜ ታክሲውን ይዞ መጣ። ስለ ካርቶኖቹ ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ «እኅቴ፣ ይኼ ታክሲ ነው፣ መርከብ አይደለም፣ ቀድሜ ልንገርሽ!» እያለ ነው። ትልቁን ሻንጣ አየና እጁን አሻሸ፣ ወገቡን አጠበቀ፣ እግሮቹን ፈርከክ አድርጎ በሙሉ ኃይሉ ብድግ ሲያደርገው ሻንጣው ሽቅብ ተወርውሮ እሱን ወደ ኋላ አጥሩ ላይ ለጠፈው።

«ምን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት?» አለ ዓይኑ ፈጦ።

«ምንም» አለው ባሌ። ሻንጣውን ከእጁ ተቀብሎ ራሱ ጫነው።

አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀመጥኩ። ጠዋት ሳለ ደህና ነበር። ቀን ላይ ፀሐይዋ መስታወቱን ሰብራ ልትገባ ደረሰች፤ ላቤ ከአንገቴ እስከ ወገቤ ይወርዳል፤ ሸሚዞቼ እንዴት እንደተጨማደዱ ማሰብም አልፈለግኩም። መንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውን ጨርሰው አላራገፉም። አጠገቤ ባሌ ስልኬን ይዟል፤ ከተሳፈርን ጀምሮ አልመለሰልኝም።

«የት ደረሳችሁ?» ትለዋለች ሚጡ። አውቶቡሱ በሙሉ ይሰማታል።

«ድልድዩን አለፍን» ይላታል።

«እማዬስ?»

ዞሮ አየኝ። ካፖርቴን፣ ሹራቤን፣ ላቤን አየ።

«ደህና ናት» አላት። «ትንሽ ሞቋታል።»

እኔም አላረምኩትም።